ሰላዩ ስኳር፦ ፕሮቲን ስኳርን እንዴት ለይቶ እንደሚይዝ
(በሳይንስ ክበብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስኳር ሲባል ሁላችንም አስቀድመን የምናስበው የሻዩን ብርጭቆ ነው። ከዚያ አለፍ ብሎ የሚያስብ ቢገኝ ደግሞ «ስኳር የሰውነት ማገዶ ነው» ይላል። ሁለቱም አልተሳሳቱም። እኔ ግን ዛሬ የተነሣሁት ስለ ሦስተኛው ሥራው ለመናገር ነው። ስኳር አንዱ ሴል ከሌላው የሚለይበት ምልክትም ነው፤ ይህንንም ምልክት ዳስሰው የሚያውቁ ፕሮቲኖች አሉ። እነዚህ ፕሮቲኖች ስኳሩን በምን እንደሚይዙት፣ አንዱን ይዘው ሌላውን ስለ ምን እንደሚተዉት፣ ይህስ በምን ዘዴ እንደሚጠና በተቻለኝ መጠን ለማስረዳት እሞክራለሁ። በመጨረሻ ለክፍሎቻችን ኀላፊዎች የማቀርበው አንድ ልመና ስላለኝ እስከዚያ ድረስ እንድትታገሡኝ እለምናለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በሰውነታችን ያለ እያንዳንዱ ሴል ከውጭ በኩል እንደ በግ ጠጕር በበቀለ የስኳር ሰንሰለት ተሸፍኗል። የደም ዓይነታችን ኤ ወይም ቢ የሚባለው በዚህ ሰንሰለት ጫፍ ላይ ባለው ስኳር ምክንያት ነው። በኤ ጫፍ ላይ ያለው ኤን አሴቲል ጋላክቶዛሚን ሲሆን በቢ ጫፍ ላይ ያለው ጋላክቶስ ነው፤ ሁለቱ ስኳሮች የሚለያዩት በሁለተኛው ካርቦን ላይ በተንጠለጠሉት ጥቂት አቶሞች ብቻ ነው። የማይስማማው ደም የተሰጠው ሰው ለሞት የሚደርሰው እንግዲህ በእነዚህ ጥቂት አቶሞች የተነሣ ነው። በደሙ ውስጥ ያሉት ፀረ እንግዳ ፕሮቲኖች ያችን ትንሽ ልዩነት ለይተው ያውቃሉና። ይህ ነገር ስኳር መሆኑን በ1950ዎቹ ዓመታት አበክረው ያስረዱት ለንደን በሊስተር ኢንስቲትዩት ይሠሩ የነበሩት ሞርጋንና ዋትኪንስ ናቸው።

ተፈጥሮ ስለ ምን ለዚህ ሥራ ስኳርን መረጠች ቢባል አንድ ቀላል ስሌት መልስ ይሰጠናል። ሦስት ልዩ ልዩ አሚኖ አሲዶች ተሰጥተውን እያንዳንዱን አንድ ጊዜ ብቻ በሰንሰለት አያይዙ ብንባል የምንሠራው ስድስት ዓይነት ብቻ ነው። ሦስት ልዩ ልዩ ስኳሮች ቢሰጡን ግን ከአንድ ሺሕ በላይ ዓይነት መሥራት ይቻላል። ስኳር ብዙ እጅ አለውና፤ በየትኛውም እጁ ሊያያዝ፣ ቅርንጫፍ ሊያወጣ፣ ማያያዣው ራሱ አልፋ ወይም ቤታ ሊሆን ይችላል። በጥቂት ፊደል ብዙ ቃል የሚጻፍበት ቋንቋ ነው ማለት ነው።

አንባቢዎቹ ፕሮቲኖች በመጀመሪያ የተገኙት በጉሎ ውስጥ ነው። አዎን፣ እናቶቻችን አዲስ ምጣድ በሚያሟሹበት በዚያው በጉሎ ፍሬ ውስጥ ነው። በ1888 ፔተር ሄርማን ሽቲልማርክ የሚባል ሰው፣ ዛሬ በኢስቶኒያ ታርቱ በምትባለው በዶርፓት ከተማ ዩኒቨርሲቲ፣ ለዶክተርነት ማዕረግ በጻፈው ጽሑፍ ከጉሎ ፍሬ የወጣ አንድ መርዝ ቀይ የደም ሴሎችን እርስ በርሳቸው እያጣበቀ እንደሚያጓጕል አስታወቀ። መርዙ ሪሲን ይባላል። ሪሲን በውሃ የሚሟሟ ፕሮቲን ስለ ሆነ በጉሎ ዘይት ውስጥ አይገኝም፤ በፍሬው ውስጥ ግን አለ፤ ስለዚህ ከዛሬው ንግግሬ በኋላ ማንም ጓደኛዬ ተነሣሥቶ ጉሎ እንዳይወቅጥ አጥብቄ እለምናለሁ። ለሙከራ የሚሆን ሌላ እህል አለን፤ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ሪሲን ጋላክቶስን ፈልጎ እንደሚይዝ የታወቀው ብዙ ዘመን ቆይቶ ነው። መንገዱን የከፈተው አሜሪካዊው ጄምስ ሰምነር ነበረ። ይህ ሰው በ17 ዓመቱ በአደን ላይ ሳለ በደረሰበት አደጋ ግራ እጁን ያጣ፣ ያውም ግራኝ የነበረ ነው፤ ይሁን እንጂ ኢንዛይምን አንጥሮ በክሪስታል መልክ ለማውጣት በ1926 የመጀመሪያው ሆኖ በ1946 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። እኛን የሚመለከተው ግን ሌላው ሥራው ነው። በ1919 ጃክ ቢን ከሚባል የአደንጓሬ ዘመድ ኮንካናቫሊን ኤ የተባለውን ፕሮቲን አወጣ። በ1936 ደግሞ ሃዌል ከሚባል ባልደረባው ጋራ ሆኖ ይህ ፕሮቲን የደም ሴሎችን እንደሚያጣብቅ፣ የሸንኮራ ስኳር ሲጨመርበት ግን ማጣበቁን እንደሚተው አሳየ። ነገሩ ሲታሰብ ግልጽ ነው፤ ፕሮቲኑ ሴሎቹን የሚያጣብቀው በላያቸው ያለውን ስኳር በሁለት ወገን እየያዘ ከሆነ፣ እጁ ልቅ በሆነ ስኳር ሲሞላ ሴሎቹን መያዣ ያጣል። ይህች ቀላል ሙከራ እስከ ዛሬ ድረስ የሙያው መሠረት ናት። በ1954 ዊልያም ቦይድ ለእነዚህ ፕሮቲኖች ሁሉ «መረጠ» ከሚል የላቲን ግሥ አውጥቶ ሌክቲን የሚል ስም ሰጣቸው።

የሌክቲን አገር ሩቅ አይደለም፤ ጓዳችን ነው። ምስር፣ አተርና ባቄላ ማኖስንና ግሉኮስን የሚይዝ ሌክቲን አላቸው። የስንዴ ሌክቲን ኤን አሴቲል ግሉኮዛሚንን ይይዛል። የኦቾሎኒው ጋላክቶስ ያለበትን ሰንሰለት ይመርጣል። የቀይ ቦሎቄ ሌክቲን ደግሞ በጥሬው ወይም ሳይበስል ለሚበላው ሰው ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል፤ በደንብ ማፍላት ያጠፋዋል፤ ለብ ባለ እሳት ብቻ ማቆየት ግን አያጠፋውም። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ፣ ለብቻቸው የሚያበስሉ ጓደኞቼ የጋዝ ወጪ በመፍራት ቦሎቄውን ቶሎ ባያወርዱት መልካም ነው። ይኸው ሌክቲን በ1960 በፒተር ኖዌል እጅ ነጭ የደም ሴሎች እንዲከፈሉ የሚያደርግ ሆኖ ተገኘ፤ የሰውን ክሮሞዞም ከደም ላይ ማየት የተመቸው ከዚያ ወዲህ ነው። ሆድ የሚያውከው ያው ፕሮቲን ለሕክምና መሣሪያ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልግባ። ፕሮቲን ስኳርን በምን ይይዘዋል?

ኤሚል ፊሸር በ1894 ኢንዛይምና የሚሠራበት ነገር እንደ ቁልፍና እንደ ቁልፍ ቀዳዳ መገጣጠም አለባቸው ብሎ ነበር። ይህን ያለውም በስኳሮች ላይ በሠራው ሥራ ተመርቶ ነው። ለምሳሌ ግሉኮስና ጋላክቶስ የሚለያዩት በአራተኛው ካርቦን ላይ ያለችው የኦክሲጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ አቅጣጫዋ በመገልበጡ ብቻ ነው፤ ኮንካናቫሊን ኤ ግን ግሉኮስን ይቀበላል፣ ማኖስን ከግሉኮስ አብልጦ ይቀበላል፣ ጋላክቶስን ከነጭራሹ አይቀበልም። የፕሮቲኑ ጎድጓዳ የስኳሩን ሦስተኛ፣ አራተኛና ስድስተኛ ቍጥር እጆች በሃይድሮጅን ማሰሪያ ይይዛቸዋል፤ ጎድጓዳውም ቅርጹን የሚጠብቀው በካልሲየምና በማንጋኒዝ ነው። ጋላክቶስን የሚወዱ ሌክቲኖች ደግሞ በጎድጓዳቸው ውስጥ ትሪፕቶፋን የሚባለውን ጠፍጣፋ አሚኖ አሲድ እንደ መከዳ ያነጥፋሉ፤ ጋላክቶስም ውሃ የማይወደውን ወገኑን በዚያ ላይ ያሳርፋል።

ይህ ሁሉ ሲነገር አያያዙ የጠበቀ ይመስላል። ዳሩ ግን እጅግ የላላ ነው፤ የችግሩም ምንጭ ይህ ነው። ስኳር በውሃ ውስጥ ሳለ ውሃው በየእጁ ሁሉ ተያይዞት ይኖራል። ወደ ፕሮቲኑ ለመግባት እነዚያን የውሃ ማሰሪያዎች መፍታት አለበት፤ ከፕሮቲኑ የሚያገኘው አዲሱ ማሰሪያ ከተፈታው ብዙም አይበልጥም። ትርፉ ጥቂት ነው። ግማሹ የኮንካናቫሊን ኤ ጎድጓዳ በሜቲል ማኖሲድ እንዲሞላ በሊትር ከአንድ ሞል አሥር ሺሕኛ የሚያህል ስኳር ያስፈልጋል፤ ጥሩ ፀረ እንግዳ ፕሮቲን ግን የራሱን ዒላማ ለመያዝ ከዚህ በአሥር ሺሕ እጥፍ ያነሰ መጠን ይበቃዋል። ሌክቲኑ ስኳሩን ይዞ ወዲያው ይለቀዋል። ፕሮቲኑን ለይተን ለማውጣት አንድ ጊዜ ስናጥበው ስኳሩ ከእጥበቱ ጋራ ይሄዳል። በዐይን የማይታይ፣ ቀለም የሌለው፣ ቶሎ የሚለቅ ነገር እንዴት ይጠናል?

መልሱ ራሱ ስኳሩን ሠርቶና ምልክት አድርጎ መላክ ነው። ባለሙያዎቹ ፕሮብ ይሉታል። እኔ በአማርኛ «ሰላይ ስኳር» ብዬዋለሁ፤ የአማርኛ መምህሮቻችን የተሻለ ስም ቢያገኙለት ቅር አይለኝም። ሰላይ ስኳር ሦስት ክፍል አለው፤ ጭንቅላቱ ፕሮቲኑ የሚወደው ስኳር ነው፤ አንገቱ ረዘም ያለ የካርቦን ሰንሰለት ነው፤ ጭራው ምልክቱ ነው። አንገቱ የት ላይ እንደሚተከል መምረጥ ትልቅ ዕውቀት ይጠይቃል። ቀደም ብዬ የጠቀስኳቸውን ሦስተኛ፣ አራተኛና ስድስተኛ እጆች ብንነካ ኮንካናቫሊን ኤ ስኳሩን አያውቀውም። ስለዚህ አንገቱ የሚተከለው ከጎድጓዳው ውጭ በሚቀረው በአንደኛው ካርቦን ላይ፣ ያውም በአልፋ አቅጣጫ ነው።

ጭራው የሚያበራ ቀለም ከሆነ ምን እናያለን? እዚህ ላይ አንድ ብልህ ዘዴ አለ። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገብ ብርሃን ፍሎሬሴይን በተባለው ቀለም ላይ ስናበራ፣ ቀለሙ ብርሃኑን ተቀብሎ ከሴኮንድ ቢሊዮንኛ አራት እጅ ያህል ቆይቶ ይመልሰዋል። ትንሽ ሞለኪውል በዚያች ቅጽበት ውስጥ ብዙ ጊዜ ይሽከረከራልና የሚመልሰው ብርሃን አቅጣጫው የተበታተነ ነው። ትልቅ ፕሮቲን ላይ የተቀመጠ ግን እንደ ልቡ መሽከርከር አይችልም፤ ስለዚህ ብርሃኑ አቅጣጫውን እንደ ጠበቀ ይመለሳል። እንግዲህ የአቅጣጫውን መጠን ብቻ በመለካት ከስኳሩ ስንት እጁ እንደ ተያዘ፣ ስንት እጁ ልቅ እንደ ሆነ፣ ሳናጥብና ሳንለያይ ማወቅ ይቻላል። ግሪጎሪዮ ዌበር ይህን አሠራር በ1952 በፕሮቲኖች ላይ አውሎታል። ለእኔ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ዘዴ ይህ ነው፤ በኮሮጆ ውስጥ ያለውን ንብ ሳይፈቱ በድምፁ ብቻ እንደ መቍጠር ነውና።

ከዚህም የቀለለ አለ። ሜቲል አምቤሊፌሪል የሚባለው የሚያበራ ምልክት ከማኖስ ጋራ ተያይዞ ወደ ኮንካናቫሊን ኤ ሲገባ ብርሃኑ ይጠፋል። ምልክት የሌለበትን ማኖሲድ በብዛት ስንጨምርበት፣ ልቁ ስኳር ሰላዩን ገፍቶ ያስወጣውና ብርሃኑ ይመለሳል።

እነዚህ ሁለት ዘዴዎች ፕሮቲኑ ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ናቸው። በአንድ ሴል ውስጥ ካሉት በሺሕ ከሚቈጠሩት ፕሮቲኖች መካከል ስኳሩን የሚይዘው የትኛው ነው ብሎ ለሚጠይቅ ግን ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ሰላዩ በተያዘበት ቦታ ሳይለቅ መቸንከር አለበት። ይህን ሐሳብ በ1962 ዌስትሃይመርና ባልደረቦቹ በብርሃን ፈጸሙት። በአንገቱ ላይ ዲያዚሪን የሚባል፣ ከሁለት ናይትሮጅንና ከአንድ ካርቦን የተሠራ ትንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን ቀለበት ይተከላል፤ በጨለማ ውስጥ ምንም አያደርግም። 350 ናኖ ሜትር ገደማ ያለው ብርሃን ሲያርፍበት ሁለቱ ናይትሮጅኖች በጋዝ መልክ ይሄዱና ብቻውን የቀረው ካርቦን በአጠገቡ ያገኘውን ነገር ሁሉ ይነክሳል። ያ ነገር ፕሮቲን ከሆነ ለዘለዓለም ተያያዙ ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚነክሰው ግን ውሃን ነው፤ ስለዚህ የሚገኘው ውጤት አነስተኛ ነው። ከዚያ በኋላ በጭራው ላይ ባዮቲን ካለ ስትሬፕታቪዲን በተባለው ፕሮቲን ተይዞ ይወጣል፤ የእነዚህ የሁለቱ ፍቅር በተፈጥሮ ከሚታወቁት እጅግ ብርቱዎች አንዱ ነውና እንደ ልብ ማጠብ ይቻላል። ባዮቲን ትልቅ ሆኖ ስኳሩን እንዳያውክ ሲፈሩ በምትኩ አልካይን የሚባለውን ሁለት ካርቦን ያለውን ትንሽ ጭራ ይተክላሉ፤ ከቸነከሩ በኋላ አዛይድ የያዘ ቀለም በመዳብ አማካይነት ያጣብቁበታል። ለዚህ ዓይነቱ ማጣበቅ ነው ቤርቶዚ፣ ሜልዳልና ሻርፕለስ በ2022 በኬሚስትሪ የተሸለሙት።

ጓደኞቼ፣ እስከዚህ ድረስ የነገርኳችሁ በመማሪያ መጽሐፍም ይገኛል። አሁን የምናገረው ግን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ስለ ሆነ ልቆይበት እወዳለሁ። ሰላይ ይዋሻል።

ፍሎሬሴይን ራሱ ከስኳሩ በላይ ትልቅ ነው፤ ከሌሎች ፕሮቲኖች ጋራ፣ በተለይም ከደም አልቡሚን ጋራ፣ በራሱ ይጣበቃል። በብርሃን የሚቸነክረው ቤንዞፌኖን ደግሞ ውሃ የሚሸሽ ነገር ስለ ሆነ ቅባት የሚወድ ጎድጓዳ ባገኘበት ይገባል። ዲያዚሪንም ንጹሕ አይደለም፤ አንዳንዱ ዓይነቱ አሲዳማ የሆኑ አሚኖ አሲዶችን አብልጦ እንደሚነክስ በቅርብ ዓመታት ታይቷል። ስለዚህ አንድ ተማሪ «ፕሮቲኑ አበራ፤ እንግዲያው ስኳሩን ያዘ» ቢል፣ እኔ የምጠይቀው ስኳሩን ያዘ ወይስ ጭራውን ብዬ ነው። የሰላይን ወሬ በሌላ ሰላይ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ያው አንገትና ያው ጭራ ያለው፣ ጭንቅላት የሌለው ሞለኪውል ይሠራ፤ እርሱም ካበራ ነገሩ ከንቱ ነው። በማኖስ ፋንታ ጋላክቶስ የተተከለበት ሌላ ይሠራ፤ ለኮንካናቫሊን ኤ ይህኛው ዝም ማለት አለበት። ምልክት የሌለበት ስኳር በብዙ መቶ እጥፍ ይጨመር፤ ብርሃኑ ካልቀነሰ ጎድጓዳው ውስጥ የገባ ነገር የለም። መብራቱ ሳይበራ በጨለማ የተቀመጠ አንድ ብልቃጥም ይኑር። አራቱን ፈተና ያላለፈ ሥዕል ምንም ያህል ቢያምር በመጽሔት ላይ መውጣት አይገባውም ብዬ አምናለሁ። አንዳንዱ ግን ይወጣል።

የላላው አያያዝ በተፈጥሮ ዘንድ እንዴት ጠንካራ ሥራ ይሠራል የሚል ጥያቄ ይቀራል። መልሱ ብዛት ነው። አንድ ክር ዝሆን አያስርም፤ በጉበት ሴሎች ላይ ያለው ጋላክቶስ ያዥ ሌክቲን ይህን በሚገባ ያሳያል። አንድ ጋላክቶስ ያለበት ሰንሰለት በደካማው ይያዛል፤ በትክክል ተራርቀው የተተከሉ ሦስት ጋላክቶሶች ያሉበት ግን የጋላክቶሱ ቍጥር ሦስት እጥፍ ብቻ ሲሆን የአያያዙ ብርታት ከመቶ ሺሕ እጥፍ በላይ ያድጋል። ይህ ዕውቀት ወደ መድኀኒት ቤት ገብቷል፤ በ2019 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ጊቮሲራን የሚባል መድኀኒት ወደ ጉበት የሚደርሰው በላዩ በተተከሉለት ሦስት ኤን አሴቲል ጋላክቶዛሚኖች መሪነት ነው።

«እኛ ወባና ሳንባ ነቀርሳ እያለብን የስኳርና የባቄላ ጨዋታ ምን ያደርግልናል?» የሚል ጓደኛ በመኝታ ቤታችን አለ፤ ዛሬም እዚህ ተቀምጧል። ወባን እርሱ ስላነሣው እኔም ላንሣው። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተሕዋስ ቀይ የደም ሴልን ሰብሮ ሲገባ ከሚጠቀምባቸው ፕሮቲኖች አንዱ በሴሉ ላይ ያለውን ሲያሊክ አሲድ የተባለ ስኳር ይይዛል። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስም የሚገባው በዚሁ ስኳር ነው፤ የወፉ ቫይረስ አንዱን ዓይነት ማያያዣ፣ የሰዉ ቫይረስ ሌላውን ይመርጣል። የእኛው ምስር ሌክቲንም በጉበት ካንሰር ምርመራ ውስጥ ከደም የሚወሰደውን አልፋ ፌቶ ፕሮቲን ለመለየት ያገለግላል። ነገር ግን ጥቅሙን ብቻ እየቈጠርሁ ላባብለው አልፈልግም፤ ምስር የሚበላ ሰው በምስር ውስጥ ያለውን ለማወቅ ፈቃድ መጠየቅ ያለበት አይመስለኝም።

ልመናዬ ይህ ነው። በክፍሎቻችን እንዳለው አሠራር የኬሚስትሪ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን በኬሚስትሪ፣ የባዮሎጂ ተማሪ በባዮሎጂ ብቻውን ይጽፋል። የኬሚስትሪው ተማሪ ምልክት ያለው ማኖስ መሥራት ይችላል፤ አሚኖፌኒል ማኖሲድን ከፍሎሬሴይን አይሶታዮሳያኔት ጋራ ማያያዝ ከአቅማችን በላይ አይደለም፤ የሚፈትንበት ፕሮቲን ግን የለውም። የባዮሎጂው ተማሪ ከምስር ሌክቲን ማውጣት ይችላል፤ የሚልክበት ሰላይ ግን የለውም። ሁለቱ በአንድ ፎቅ ላይ በግድግዳ ተለያይተው ተቀምጠዋል። ሁለት ተማሪዎች በሁለት መምህራን መሪነት አንድ ጽሑፍ በጋራ እንዲያቀርቡ ይፈቀድ፤ ማርኩም እያንዳንዱ በሠራው መጠን ይሰጥ። ለመጀመሪያው ዓመት ሁለት ጥንድ ብቻ ቢፈቀድ ይበቃል። ጽሑፉን ለሚመሩ መምህራን ሥራው እንደሚበዛባቸው አውቃለሁ፤ ጥያቄውንም በጽሑፍ አዘጋጅተን 11 ተማሪዎች ፈርመንበታል፤ ከዚህ ስብሰባ በኋላ ለሁለቱም ክፍሎች እናስገባዋለን።

ከኋላ ባለው ጠረጴዛ ላይ ዛሬ ጧት ያዘጋጀናቸው ሳህኖች አሉ። ጥሬ ምስር ፈጭተን በጨው ውሃ ዘፍዝፈን ካጠለልን በኋላ ከጥንቸል ቀይ የደም ሴል ጋራ ቀላቅለነዋል። በመጀመሪያው ረድፍ ስኳር የለም፤ በሁለተኛው ጋላክቶስ፣ በሦስተኛው ማኖስ አለበት። በሁለቱ ረድፎች ሴሎቹ ተጣብቀው እንደ ምንጣፍ ተዘርግተዋል፤ በሦስተኛው ረድፍ ሳይጣበቁ ወርደው በየጎድጓዳው መካከል እንደ ቀይ ነጥብ ሆነዋል። እየተመለከታችሁ የምትጠይቁኝን ለመመለስ ዝግጁ ነኝ፤ ጠረጴዛውን ብቻ እንዳታናውጡብን።